ለሁሉም ሽጉጥ አንድ ባሩድ፦ እንዴት ይመረጣል?

አንድ ማታ ቤቴ ጥይት እየሞላሁ (የተተኮሰ ቀለህ ላይ አዲስ ባሩድና አረር እየጨመርኩ) ስልክ ተደወለልኝ። ግማሽ ሰዓት አወራሁ። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የባሩድ ጣሳ ክፍቱን ተቀምጧል፣ መስፈሪያው ውስጥም እስከ ግማሽ ድረስ ባሩድ አለ። የየትኛው ጣሳ ነው? ትዝ አላለኝም። ሁለቱም ጥቁር ግራጫ፣ ሁለቱም ደቃቅ። በአጉሊ መነጽር አየሁት፣ መዳፌ ላይ ዘርግቼ አየሁት፣ እርግጠኛ መሆን ግን አልቻልኩም። መስፈሪያው ውስጥ ያለውን አስወገድኩት። ቀደም ብዬ የሞላኋቸውን ስልሳ ጥይቶችም አላመንኳቸውም፤ አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ያን ማታ ነው ለሽጉጥ ከአንድ ባሩድ በላይ ቤቴ አይገባም ያልኩት።

አሁን ሦስት ዓይነት የሽጉጥ ጥይት፣ 9 ሚሊ ሜትር፣ 38 ስፔሻልና 45 ኤሲፒ፣ ሦስቱንም በአንድ ባሩድ ነው የምሞላው። ለአንዳቸውም ተወዳዳሪ የሌለው ባሩድ አይደለም። ለሦስቱም ግን ይበቃል። ነገሩም እዚህ ላይ ነው፤ ለየካሊበሩ (ለየጥይቱ ዓይነት) ምርጡን የሚፈልግ ሰው ሦስት ጣሳ ይግዛ፣ አንድ ጣሳ የሚፈልግ ግን ማንንም የማያስከፋውን ነው መፈለግ ያለበት። በነገራችን ላይ ቤት ውስጥ ጥይት መሙላት አንዳንድ አገር ይፈቀዳል፣ አንዳንድ አገር ፈቃድ ይጠይቃል፣ ጭራሽ የሚከለክልም አለ። መጀመሪያ ሕጉን እወቁ።

ከሱቅ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ያላችሁን ካሊበር ጻፉ። ከጎኑ የምትጠቀሙትን አረር ክብደትና ዓይነት ጻፉ፣ መዳብ የለበሰ ነው ወይስ ባዶ እርሳስ። ከዚያ ጥይቱ ለምን እንደሆነ ጻፉ። ለዒላማ ልምምድ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፣ አብዛኞቻችን ከምንተኩሰው አብዛኛው ይኸው ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ሙሉ ኃይል ያለው 357 ወይም 44 ማግነም (ከተራው የሚበረታ የሽጉጥ ጥይት) ካለ ለብቻው አስቀምጡት። ማግነም ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ቀስ ብሎ ከሚነድ ባሩድ ነው። ለምሳሌ ኤች 110 እና ዊንቸስተር 296፣ ስማቸው ይለያይ እንጂ አንድ ባሩድ ናቸው። ይህ ባሩድ መጠኑ ሲቀነስ አይወድም። አምራቹ ካወጣው የመጠን መመሪያ በታች ከወረደ በደንብ ላይቀጣጠል ይችላል፣ አረሩ ከአፈሙዙ ሳይወጣ መሃል ላይ ይቀራል፣ ይህን ሳያውቅ ሁለተኛውን የተኮሰ ሰው መሣሪያውን ያፈነዳል። ስለዚህ ማግነምን ከ38 ስፔሻል ጋር በአንድ ጣሳ አስታርቃለሁ ብላችሁ አትድከሙ። ማግነሙን ለስለስ አድርጋችሁ ለልምምድ ብቻ የምትሞሉት ከሆነ ግን፣ መመሪያ ያለው መካከለኛ ባሩድ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አነዳድ ፍጥነት። ገለባና ፍልጥ አስቡ። ሁለቱም ይነዳሉ፣ ገለባው ግን ቦግ ብሎ ያልቃል፣ ፍልጡ ሙቀቱን እያቆየ ይሰጣል። ፈጣን ባሩድ ግፊቱን ወዲያው ይሰጣል፣ ትንሽ ይበቃዋል፣ አጭር አፈሙዝና ቀላል አረር ይስማማዋል። ዘገምተኛው ብዛት ይፈልጋል፣ ግፊትም ይፈልጋል፤ ግፊቱ ካነሰበት ሳይነድ የቀረው ፍሬ አፈሙዙ ውስጥና ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ ታገኙታላችሁ።

ካሊበሮቹ ደግሞ እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ሳሚ የሚባለው የአሜሪካ የመሣሪያና የጥይት ደረጃ አውጪ ያስቀመጠውን ጣሪያ እዩ፦ 9 ሚሊ ሜትር በስኩዌር ኢንች 35,000 ፓውንድ ግፊት ይፈቀድለታል፣ 45 ኤሲፒ 21,000፣ 38 ስፔሻል 17,000 ብቻ። የመጀመሪያው የመጨረሻው እጥፍ ነው። የቀለሁ ሆድም ይለያያል። 38 ስፔሻል እ.ኤ.አ. በ1898 ሲወጣ ጥቁር ባሩድ ይሞላበት ነበር፣ ለዚያ ነው ቀለሁ ቁመታም የሆነው። ዛሬ በጭስ አልባ ባሩድ ሲሞላ አብዛኛው ሆዱ አየር ነው። 9 ሚሊ ሜትር ደግሞ ጠባብ ክፍል ነው፣ ትንሽ ነገር ይሞላዋል።

እንግዲህ አንድ ባሩድ ለሁለቱም የሚሆነው በዝቅተኛ ግፊትም በደንብ የሚነድ፣ በከፍተኛውም የማይደነግጥ ሲሆን ነው። ይህ ባሩድ ከፈጣኖቹ ጫፍ እስከ መካከለኛው ድረስ ባለው ሰፈር ይገኛል። የአነዳድ ፍጥነት ሰንጠረዥ ላይ ሰፈሩን ማየት ይቻላል፣ ግን ሰንጠረዡ ተራ ነው እንጂ ልኬት አይደለም። ጎረቤት ሆነው የተቀመጡ ሁለት ባሩዶች መጠናቸው አንድ ነው ማለት አይደለም። የአንዱን መጠን ለሌላው የወሰደ ሰው በቁማር እየተጫወተ ነው።

ሰፈሩን ካወቃችሁ በኋላ የመጀመሪያው ወንፊት መመሪያው ነው። የባሩዱ አምራች ለእናንተ ካሊበር ሁሉ፣ ለእናንተ የአረር ክብደት መጠን አውጥቷል? ለሁለቱ አውጥቶ ሦስተኛውን ከዘለለው ያ ባሩድ ለእናንተ አይሆንም። ይህን ያህል ነው። በስሌት እደርስበታለሁ፣ ጓደኛዬ ይህን ያህል ነው የሚያደርገው ማለት የለም። እኔም ብሆን እዚህ ላይ የመጠን ቁጥር የማልሰጣችሁ ለዚሁ ነው፤ ቁጥሩን ከአምራቹ ውሰዱ።

ሁለተኛው ወንፊት ቀለሁን ምን ያህል ይሞላል የሚለው ነው። እኔ ብዙ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። እጅ ይሳሳታል፣ አንዱን ቀለህ ሁለቴ መሙላት በማንም ላይ ይደርሳል። ለምሳሌ ታይትግሩፕ የሚባለውን ባሩድ ውሰዱ። ጥሩ ባሩድ ነው፣ ትንሽ ይበቃዋል፣ ቁጠባ ነው። ነገር ግን ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ 9 ሚሊ ሜትር ቀለህ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢገባ እንኳ ቦታ ያገኛል፣ አረሩን ከላይ ገጥማችሁ ምንም ሳታውቁ ትዘጉታላችሁ። ዩኒክ የሚባለውን ሌላ ባሩድ በሚገባው መጠን እዚያው ቀለህ ላይ ሁለት ጊዜ ብትደፉ ጠርዙን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ስህተቱ ራሱ ይጮሃል። 38 ስፔሻል ላይ ግን አትተማመኑ፤ ያ ረጅም ሆድ ዩኒክንም ቢሆን ሁለት ጊዜ ይውጣል። ሃምሳ ቀለህ ቀዳዳ ባለው የቀለህ ሰሌዳ ላይ ደርድሬ ከሞላሁ በኋላ አረር ሳልገጥም የእጅ ባትሪ ከላይ አበራለሁ። የአንዱ ባሩድ ከጎረቤቶቹ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ሰሌዳውን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጥሎ መስፈሪያ። ባሩድ ሦስት ዓይነት መልክ አለው ማለት ይቻላል፦ ስስ ቅርፊት፣ ክብ ወይም ጠፍጠፍ ያለ ፍሬ፣ እና ቁርጥራጭ ዘንግ። ለሽጉጥ በብዛት የምታገኙት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው። ፍሬው እንደ ጤፍ ይፈሳል፣ መስፈሪያው በየጊዜው አንድ ዓይነት ይጥላል። ትልልቅ ቅርፊት ግን ይደራረባል፣ ይያያዛል፣ አንዴ በዛ አንዴ አነስ ይላል። ዩኒክ በዚህ ይታማል፣ ሐሜቱም እውነት ነው። ቋሚ እጅ ያለው ሰው፣ እጀታውን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚያወርድ፣ ይስማማበታል። እኔ ትዕግሥት የለኝም።

ማንም የማይነግራችሁ አንድ ፈተና ደግሞ አለ። ቀለሁ ሰፊ ባሩዱ ትንሽ ሲሆን፣ ባሩዱ ሆዱ ውስጥ ይንሸራተታል። አንዳንዱ ባሩድ ወደ ፕራይመሩ (ቀለሁ ግርጌ ያለው እሳት ጫሪ) ተጠግቶ ሲቀመጥና ወደ አረሩ ሸሽቶ ሲቀመጥ ፍጥነቱ ይለያያል። 38 ስፔሻል ያለው ሰው ይህን በቀላሉ ያየዋል። ተኩስ ቦታ ላይ ክሮኖግራፍ (የአረር ፍጥነት መለኪያ) ዘርጉ። አፈሙዙን ወደ መሬት አዘንብላችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ዒላማው አንሡና ተኩሱ፣ አምስት ጊዜ። ቀጥሎ አፈሙዙን በመከለያው ግንብ በኩል ትንሽ ቀና አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱና አምስት ተኩሱ። የሁለቱ አማካይ ከተራራቀ ባሩዱ ቦታ ይመርጣል ማለት ነው። ለልምምድ ብዙም አይጎዳም፣ ለውድድር ግን ያናድዳል። ታይትግሩፕ በዚህ ይመሰገናል፤ ለሰፊ ቀለህ ታስቦ ነው የተሠራው።

ጭስ፣ ቆሻሻ፣ ብልጭታ? ሰዎች በዚህ ብዙ ይከራከራሉ። ሽጉጥ ይጸዳል፣ አለቀ።

እሺ፣ ስም ጥራ ካላችሁኝ፦ እኔ የምጠቀመው ኤችፒ-38 ነው። ዊንቸስተር 231 ከሱ ጋር አንድ ነው፣ በዋጋ የረከሰውን ውሰዱ። ክብ ጠፍጣፋ ፍሬ ነው፣ መስፈሪያ ውስጥ ይፈሳል፣ ከ380 ኤሲፒ እስከ 45 ኤሲፒ ድረስ መመሪያ አለው፣ 38 ስፔሻል ላይም ለስላሳ ነው። 9 ሚሊ ሜትር ላይ የመጨረሻውን ፍጥነት አይሰጥም፣ አልጠየቅኩትም። ዩኒክ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ባሩድ ነው፣ ለስለስ ያለ 44 ማግነምንም ይጨምራል፣ የመስፈሪያውን ነገር ከቻላችሁት ከኤችፒ-38 ይልቅ ሰፊ ነው። ኤን 320 የፊንላንዱ ቪታቩኦሪ ሥራ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ብዙ ጊዜም ዋጋው ከሌሎቹ ውድ ነው። ቡልስአይ ለ38 ስፔሻልና ለ45 ኤሲፒ ዒላማ የቆየ ወዳጅ ነው፣ ግን በጣም ፈጣን ስለሆነ 9 ሚሊ ሜትር ላይ የስህተት ቦታው ጠባብ ነው። ብሉ ዶትን ለዚህ ሥራ አትግዙ፤ ዘገምተኛ ነው፣ 38 ስፔሻል ውስጥ ብዙው ሳይነድ ሊወጣ ይችላል።

ወስናችሁ ስትገዙ ትልቁን ጣሳ አትጀምሩ። አንድ ፓውንድ ውሰዱ። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው፣ አንድ ጥይት 5 ግሬን ወሰደ ብንል (ሒሳብ ለማሳየት ነው እንጂ መጠን አይደለም) 1,400 ጥይት ይወጣዋል። ለመፈተን ከበቂ በላይ ነው።

ሙከራው ለየካሊበሩ ከዜሮ ይጀምራል። ከመመሪያው ዝቅተኛ መጠን ተነሡ። መመሪያው ከፍተኛውን ብቻ ከጻፈ፣ የተለመደው 10 በመቶ ቀንሶ መጀመር ነው፤ ኤች 110ን የመሰሉ መቀነስ የማይወዱትን ሳይጨምር። አምስት አምስት እየሞላችሁ በትንሽ በትንሹ ውጡ። ቀለሁ በደንብ እየወጣ፣ ሽጉጡም በራሱ እየጎረሰ፣ ዒላማው ላይ ከተሰበሰበ እዚያው ቁሙ። ጣሪያው ድረስ መሄድ ግዴታ አይደለም። 9 ሚሊ ሜትር ላይ ደግሞ የጥይቱን ቁመት በካሊፐር ለኩ፤ አረሩ ጥልቅ ብሎ ከገባ ያችን ጠባብ ክፍል ያጠባታል፣ ባሩዱ ሳይጨመር ግፊቱ በጣም ይወጣል። 45 ኤሲፒ ላይ ሌላ ጣጣ አለ፣ ቀለሁ በትልቅም በትንሽም ፕራይመር ይመጣል፣ ሳትለዩ ፕሬሱ (ጥይት መሙያው መሣሪያ) ላይ ከጫናችሁት መሃል ላይ ይቀረቅራል።

አንድ ባሩድ ብትይዙም የጠረጴዛ ሥርዓት አይቀርም። ባሩዱ ከመጣበት ጣሳ አይወጣም፣ ሌላ ዕቃ ውስጥ አይገለበጥም። ሞልታችሁ ስትጨርሱ መስፈሪያው ውስጥ የቀረውን ባሩድ ወደ ጣሳው መልሱና ክዳኑን ግጠሙ። ጣሳው ሲከፈት የሚቆረቁር የአሲድ ሽታ ካለው ወይም ዝገት የመሰለ ቀይ ብናኝ ካያችሁበት ተበላሽቷል፣ አትሙሉት። ካሊበር ስትቀይሩም መስፈሪያው የድሮው መጠን ላይ እንደቀረ አትርሱ፤ ባሩዱ አንድ ስለሆነ ሁሉም ነገር አንድ ነው የሚል ስንፍና ይመጣል። ለ45 የተስተካከለ መስፈሪያ 9 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደፋ መጠኑ ከጣሪያው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በቀየራችሁ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን አሥሩን መዝኑ።

ጣሳው አልቆ ሁለተኛ ስትገዙ ጀርባው ላይ ያለውን የምርት ቁጥር እዩት። ከተለየ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩና እንደገና ውጡ። እኔ የምርት ቁጥሩን በጥይቱ ሳጥን ክዳን ላይ በማርከር እጽፈዋለሁ፣ ከጎኑ ካሊበሩን፣ አረሩን፣ መጠኑንና ቀኑን። ያልተጻፈበት ሳጥን ካገኘሁ አልተኩሰውም፣ ተቀምጬ እፈታዋለሁ።