«አለ» እና «ተሠራበት»፦ በትምህርት ቤት ቴክኖሎጂ ጥናት ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በሐዋሳ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን የቴክኖሎጂ አጠቃቀም ላጥና ብሎ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ገና ርዕሱ ላይ ነው። «የቴክኖሎጂ አጠቃቀም በተማሪዎች ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይላል። የትኛው ቴክኖሎጂ? ፕላዝማው (ክፍል ውስጥ በስክሪን የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት)? የኮምፒውተር ክፍሉ (የላቡ) ኮምፒውተር? መምህሩ በቴሌግራም የሚልከው ፒዲኤፍ? ወይስ ተማሪው ማታ ቤቱ የሚያየው የዩቲዩብ ቪዲዮ? አራቱም የሚጠቅሙበትም የሚከሽፉበትም ምክንያት ለየቅል ነው። በአንድ ስም ሲጠቀለሉ የአንዱን ጥቅም የሌላው ጉዳት ያጣፋውና «ጉልህ ግንኙነት አልተገኘም» ተብሎ ይዘጋል። አንዱን ብቻ ይምረጡ፤ የትምህርት ዓይነቱንና የክፍል ደረጃውንም ይወስኑ።

ዕቃ ቆጥሮ መመለስ

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። «ትምህርት ቤቱ 30 ኮምፒውተር አለው» የሚለው ከንብረት መዝገብ የተገለበጠ መረጃ ነው፤ ስለ መማር የሚናገረው ነገር የለም። እስቲ አንድ ክፍለ ጊዜ እናስላ። 40 ደቂቃ ነው እንበል። ከክፍል ወደ ላብ መሄጃና መቀመጫ 5 ደቂቃ፣ ማሽኖቹ እስኪነሱ 7 ደቂቃ፤ የቀረው 28 ነው። ከ30ው 18 ብቻ ቢሠሩና 54 ተማሪ ቢገባ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። በእኩል ቢካፈሉ እንኳ ለአንድ ተማሪ 10 ደቂቃ አትሞላም። በእኩል ደግሞ አይካፈሉም፤ ማውሱን የያዘው ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየክፍለ ጊዜው አንዲት ቅጽ ይሙሉ፦ መብራት ነበር ወይ፣ ስንት ማሽን ተነሳ፣ የላቡ ቁልፍ በሰዓቱ ተገኘ ወይ፣ የተማሪ እጅ ኪቦርድ ላይ የቆየው ስንት ደቂቃ ነው። ላቡ ተዘግቶ የዋለበት ቀንም ዜሮ ተብሎ ይመዝገብ፤ ከተዘለለ አማካዩ ያለ አግባብ ያብጣል።

የፕላዝማው ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2004 በሳተላይት ሲጀመር የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል የሚወስደው ስክሪኑ ነበር፤ መምህሩ የሚያስረዳው በተረፈችው ደቂቃ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ «አልገባኝም» ያለን ተማሪ አይጠብቅም። ስክሪን ብቻ የቆጠረ ጥናት ይህን አያየውም። ከውጭም ማስረጃ አለ። በፔሩ ከ300 በላይ የገጠር ትምህርት ቤቶችን ባካተተ ጥናት ላፕቶፕ መታደሉ የሒሳብና የቋንቋ ውጤትን አላሻሻለም። ዴልሂ ውስጥ ግን ልምምዱን በእያንዳንዱ ልጅ ደረጃ የሚመጥን ሶፍትዌር በ4 ወር ተኩል ገደማ የሒሳብ ውጤትን በ0.37 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የተማሪዎች ውጤት ከአማካዩ የሚራራቅበት መለኪያ) ከፍ አድርጓል፤ ያውም ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ የሚያግዝ ሰው ባለበት ማዕከል። ይህን ሳይጠቅሱ ዴልሂን ለሐዋሳ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ራሱ ስህተት ነው።

ቀመሩን ያለ ቦታው ማስገባት

2,400 ተማሪ አለ፣ የስህተት ወሰኑ 0.05 ነው ተብሎ የያማኔ ቀመር (ስንት ሰው በናሙና መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላው) ይገባል፤ 2,400 ለ7 ሲካፈል 343 ይወጣል። ከዚያ 49 ተማሪ ያላቸው ሰባት ሴክሽኖች ተመርጠው መጠይቁ ለሁሉም ይታደላል። ችግሩ ቀመሩ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ በዕጣ እንደወጡ አድርጎ የሚያስብ መሆኑ ነው። የአንድ ሴክሽን ልጆች መምህራቸው አንድ፣ ላባቸው አንድ ነው፤ መልሳቸውም ይመሳሰላል። የመመሳሰሉ መጠን (1 ማለት ፍጹም መመሳሰል ነው) 0.2 ቢሆን የናሙናው ጉልበት በ10.6 ይካፈላል (1 ሲደመር 48 ጊዜ 0.2፤ 48 ማለት ከ49ኙ አንዱ ሲቀነስ ነው)፤ 343ቱ የ32 ሰው ያህል ክብደት ብቻ ይኖራቸዋል። ከ24 ሴክሽን 14፣ 14 ተማሪ ቢወሰድ ግን 336ቱ እንደ 93 ሰው ይመዝናሉ። የወረቀቱ ወጪ ያው፣ ትርፉ ሦስት እጥፍ ገደማ።

ሐዋሳ ከተማ ሲባል ደግሞ ሐይቅ ዳርም ሃዌላ ቱላም የሚባሉት ክፍለ ከተሞች በውስጡ ናቸው። መሃል ከተማውን ብቻ ዞሮ «በሐዋሳ» ብሎ መደምደም አያስኬድም።

ሰዓትና ቃል

«ስልክ የምትጠቀመው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ነው?» ተብሎ «8» ቢጻፍ ምን ማለት ነው? በእኛ አቆጣጠር ከምሳ በኋላ፤ ስልኩ ላይ ካነበበው ግን ማታ 2 ሰዓት። ከሰዓት ፈረቃ የሚማር ልጅ ሲሆን ልዩነቱ ክፍል ውስጥ መሆንና ቤት መሆን ነው። በቁጥር ፋንታ «ከእራት በፊት»፣ «ከእራት በኋላ» የሚል ምርጫ ይስጡ። «በሳምንት ስንት ሰዓት?» ከማለትም «ትናንት» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

«ኢንተርኔት ትጠቀማለህ?» ሲባል «አይ» ብሎ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የሚያመሽ ልጅ ይኖራል፤ አፕሊኬሽኑን በስሙ ይጥሩለት። ከእንግሊዝኛ የተወሰደ መጠይቅ በአማርኛም በሲዳምኛም ይዘጋጅ፤ የመጀመሪያውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ይተርጉመው። ከዚያ በናሙናው ውስጥ በማይገቡ 30 ልጆች ላይ ይሞከር።

ዩኒት ሊደሩ ቆሞ ማስሞላት

ስልክ በተከለከለበት ግቢ፣ ስልክ የሚቀማው ዩኒት ሊደር (የተማሪዎች ሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ) በር ላይ ቆሞ «ክፍል ውስጥ ስልክ ትጠቀማለህ?» የሚል መጠይቅ ማስሞላት የታወቀ መልስ መሰብሰብ ነው። ስም አይጻፍ፤ ወረቀቱን ተማሪው ራሱ አጥፎ ሳጥን ውስጥ ይክተት።

ውጤትን ከሮስተር መውሰድ

የአንዱ መምህር 80 የሌላው 60 ሊሆን ይችላል፤ ፈተናውን የሚያወጣውም የሚያርመውም ራሱ ነውና። ከሁለት ትምህርት ቤት የመጣ ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት መዝገብ) እንዳለ አይነጻጸርም። ወይ አንድ ዓይነት አጭር ፈተና በፊትና በኋላ ይስጡ፤ ወይ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤታቸውን መነሻ ያድርጉ። ይህ መነሻ ከሌለ «ኮምፒውተር የተጠቀሙት በለጡ» የሚለው «ድሮም የበለጡት ኮምፒውተር አላቸው» ከሚለው አይለይም። ከሻሸመኔ ወይም ከሌላ ክልል የመጣ ልጅ የተፈተነው ሌላ ፈተና ስለሆነ ለብቻው ይመዝገብ።

የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፈተናው ሲቃረብ ለመጠይቅ አይመችም፤ ቢሞላም ለመገላገል ነው። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ ተማሪዎችም የወላጅ ፈቃድ ቅጹ ቢያንስ ሳምንት ቀድሞ ወደ ቤት ይላክ፤ ከትምህርት መምሪያ የሚጻፈው የትብብር ደብዳቤ ግቢ ያስገባል እንጂ ይህን ፈቃድ አይተካም።