የካሊፎርኒያን የግብር ቦርድ አባል እንዴት እንመርጣለን?

የካሊፎርኒያ የምርጫ ወረቀት ረጅም ነው። አገረ ገዥ፣ ምክትል አገረ ገዥ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እያለ ይወርዳል። ከእነሱ ዝቅ ብሎ «ስቴት ቦርድ ኦፍ ኢኳላይዜሽን» የሚል ቦታ አለ፤ የግብር ቦርዱ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ እስክሪብቶውን አንስቶ ያልፈዋል። እኔም ዜግነት እንዳገኘሁ በመጀመሪያው ምርጫ ባዶውን ትቼዋለሁ። ስሙን አይቶ ሥራውን መገመት አይቻልም፤ የምጠይቀው ሰውም አልነበረኝም። በኋላ ሥራውን ሳውቅ በጣም ቆጨኝ። ቤት ያለው፣ ቤት ሊገዛ ያሰበ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የማኅበሩ ሕንፃ ጉዳይ የሚያሳስበው ሰው ይህን ቦታ ባዶ ባይተው ደስ ይለኛል። ለዚህ ነው የምጽፈው። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ የቦርዱን ሥራ እወቁ

ኢኳላይዜሽን ማለት ማመጣጠን ነው። ቦርዱ በ1879 ሲቋቋም ዓላማው ይኸው ነበር። ያኔ አንዱ ካውንቲ ንብረትን በውድ፣ ሌላው በርካሽ ይገምት ስለነበር የግብሩ ሸክም እኩል አልነበረም። የግብር ቦርድ አባላትን ሕዝቡ በቀጥታ የሚመርጥበት የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ዛሬም ካሊፎርኒያ ብቻ ነው።

ድሮ ቦርዱ ሴልስ ታክስም፣ ማለትም የሽያጭ ግብር፣ ይሰበስብ ነበር። በ2017 ግን አገረ ገዥ ጄሪ ብራውን የፈረሙት ሕግ አብዛኛውን ሥልጣን ወሰደበት። ሴልስ ታክሱ ለአዲስ መሥሪያ ቤት ተሰጠ። የግብር ይግባኝ የሚሰማው ደግሞ ሌላ አዲስ ቢሮ ሆነ። ከ4 ሺህ በላይ ሠራተኛ የነበረው ቦርድ ጥቂት መቶ ሰው ይዞ ቀረ።

ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ፣ ሊትል ኢትዮጵያ፣ ምግብ ቤት ያለው ሰው የሴልስ ታክስ ደብዳቤ ቢደርሰው ጉዳዩ ከዚህ ቦርድ ጋር አይገናኝም። የገቢ ግብርም የፍራንቻይዝ ታክስ ቦርድ ሥራ ነው፤ ሆኖም የዚያ ቦርድ አባላት ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ አንዱ የኛው ቦርድ ሊቀመንበር ነው። «ቤቴ በዝቶ ተገመተ» የሚል አቤቱታ የሚቀርበው ደግሞ ለካውንቲው ነው። ስለዚህ አንድ ተወዳዳሪ «ሴልስ ታክሳችሁን አስቀንሳለሁ» ብሎ ከመጣ፣ በእጁ የሌለውን ነገር ቃል እየገባ ነው።

ታዲያ ምን ቀረው? ዋናው ፕሮፐርቲ ታክስ፣ ማለትም የቤትና የንብረት ግብር፣ ነው። በ58ቱ ካውንቲዎች ንብረት የሚገምቱትን አሴሰሮች ሥራ ይቆጣጠራል፣ የሚመሩበትን ደንብ ያወጣል። የመብራት፣ የስልክና የባቡር ኩባንያዎችን ንብረት ራሱ ይገምታል። በ1978 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕግ፣ ፕሮፖዚሽን 13፣ መሠረታዊውን ግብር ከግምቱ 1 በመቶ ላይ ያቆመዋል። ባለቤትነቱ ካልተለወጠ ወይም አዲስ ግንባታ ከሌለ ግምቱ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አይጨምርም። በ2020 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 19 ደግሞ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቤትን ይመለከታል። ልጁ በአንድ ዓመት ውስጥ ገብቶ መኖሪያው ካላደረገው፣ ቤቱ በገበያ ዋጋ እንደገና ይገመታል። ሠላሳ ዓመት ለፍተው ቤት ለልጆቻቸው ያቆዩ እናትና አባቶች ይህን ሳያውቁ ሲቀሩ ያሳዝናል። ሕጉን ቦርዱ መለወጥ አይችልም። አፈጻጸሙን የሚዘረዝረው ደንብ ግን የሚወጣው ከእሱ ዘንድ ነው።

የበጎ አድራጎት ማኅበር ሕንፃ ገዝቶ ከፕሮፐርቲ ታክስ ነፃ ለመሆን ሲያመለክትም፣ በዌልፌር ኤግዘምፕሽን በኩል ከሆነ መጀመሪያ ከዚሁ ቦርድ የብቁነት ምስክር ወረቀት ማግኘት አለበት። ሕንፃ ለመግዛት ገንዘብ የሚያዋጣ ማኅበር ሁሉ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ሁለተኛ፦ መምረጥ መቻላችሁን አረጋግጡ

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። በዚህ ምርጫ የሚሳተፈው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ አይበቃም። ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብ ወይም ድምፅ መስጠት ዜግነት ሊያስከለክል፣ ከአገርም ሊያስባርር ይችላል። ዲኤምቪ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ስለ ዜግነት የሚጠይቀውን ሳታነቡ አትለፉ። ቋንቋው ከከበዳችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ዜጋ ከሆናችሁ፣ 18 ዓመት ከሞላችሁና ካሊፎርኒያ ከኖራችሁ ተመዝገቡ። መደበኛው ምዝገባ ከምርጫው 15 ቀን በፊት ያበቃል። ካለፋችሁም እስከ ምርጫው ቀን ድረስ ካውንቲው የምርጫ ቢሮ ወይም ምርጫ ጣቢያ ሄዶ እዚያው ተመዝግቦ መምረጥ ይቻላል። ቤት ከቀየራችሁ አድራሻችሁን አስተካክሉ፤ ወረቀቱ የሚላከው በፖስታ ነው።

ሦስተኛ፦ ዲስትሪክታችሁን ፈልጉ

ቦርዱ አምስት አባላት አሉት። አራቱ ከአራት ዲስትሪክቶች ይመረጣሉ። አምስተኛው የክፍለ ግዛቱ ኮንትሮለር (የሒሳብ ኃላፊ) ነው፤ እሱ በራሱ መስመር በመላው ካሊፎርኒያ ይመረጣል። ሳክራሜንቶ ዲስትሪክት 1፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ኦክላንድና ሳን ሆዜ 2፣ ሎስ አንጀለስ 3፣ ሳን ዲዬጎ 4 ውስጥ ናቸው። አንድ ዲስትሪክት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይይዛል። የምርጫ ወረቀታችሁ ላይ የሚመጣው የራሳችሁ ዲስትሪክት ብቻ ስለሆነ መሳሳት አይኖርም።

አራተኛ፦ ተወዳዳሪዎቹን መርምሩ

የሥራ ዘመኑ አራት ዓመት ነው፤ አንድ ሰው ከሁለት ዙር በላይ አይመረጥም። በ2022 ከተመረጡት አራቱ ውስጥ ቴድ ጌይንስ፣ ቶኒ ቫስኬዝና ማይክ ሼፈር በ2018ም ተመርጠው የነበሩ ናቸው። ስለዚህ በ2026 ዲስትሪክት 1፣ 3 እና 4 አዲስ ሰው ያገኛሉ።

ሌላ ቦታ የተፈቀደላቸውን የሥራ ዘመን የጨረሱ ፖለቲከኞች ለዚህ ወንበር መወዳደራቸው የተለመደ ነው። ያ ብቻውን ነውር አይደለም። ግን ስማቸውን ስለሰማችሁ ብቻ አትምረጧቸው። የመራጮች መመሪያውን ክፈቱና የጻፉት መግለጫ ካለ አንብቡ። ገንዘብ ማን እንደሰጣቸው ካል አክሰስ በሚባለው የክፍለ ግዛቱ ድረ ገጽ ላይ ይታያል። እኔ የምጠይቃቸው ሦስት ነገር ነው። ከንብረት ግምት ጋር የተያያዘ ልምድ አለህ ወይ? ፕሮፖዚሽን 19ን እንግሊዝኛ ለማያነቡ ወላጆች እንዴት ታደርሳለህ? ይህ ቦርድ ጭራሹን ይፍረስ ለሚሉትስ ምን ትላለህ? ሦስተኛው ከባድ ነው፤ ሐቀኛ መልስ የሚሰጥ ሰው ግን ደስ ይለኛል።

አምስተኛ፦ ሁለቱንም ዙር ምረጡ

በ2026 የመጀመሪያው ዙር ጁን 2፣ የመጨረሻው ኖቬምበር 3 ነው። ጁን ላይ ፓርቲያችሁ ምንም ይሁን ምን ወይም ባይኖራችሁም፣ ሁሉም ተወዳዳሪ ወረቀታችሁ ላይ ይወጣል። ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ ወደ ኖቬምበር ያልፋሉ፤ ሁለቱም ከአንድ ፓርቲ ሊሆኑ ይችላሉ። ጁንን ትቶ ኖቬምበርን የሚጠብቅ ሰው ሌሎች ከመረጡለት ሁለት ሰዎች አንዱን ይወስዳል።

ስድስተኛ፦ ሙሉ፣ ፈርሙ፣ መልሱ

ወረቀቱ ከምርጫው አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ ይላካል። ከአንድ ሰው ስም አጠገብ ያለውን ቦታ በሙሉ አጥቁሩት። እንግሊዝኛ ለማያነቡ እናትና አባቶቻችን ሕጉ መፍትሔ አለው፦ የመረጡት ሰው፣ ልጃቸውም ቢሆን፣ ሊያግዛቸው ይችላል። አሠሪያቸውና የሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ ብቻ አይችሉም። ልጅ ሆይ፣ አንብብላቸው፣ አስረዳቸው። ምርጫው ግን የእነሱ ነው።

በፖስታ ለመላክ ቴምብር አያስፈልግም። ሆኖም የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ፤ ፖስታ ቤት ያስገባችሁበት ቀንና ማኅተሙ የሚመታበት ቀን ላይገጥሙ ይችላሉ። ከዘገያችሁ የካውንቲው ድሮፕ ቦክስ (የምርጫ ወረቀት መጣያ ሣጥን) ወይም ምርጫ ጣቢያ ይሻላል። የሚዘጋው በአሜሪካ አቆጣጠር ከምሽቱ 8 ሰዓት፣ በኛ 2 ሰዓት ነው።

ፊርማውን አደራ። የፖስታው ጀርባ ላይ የምትፈርሙት መዝገብ ላይ ካለው ፊርማችሁ ጋር ይነጻጸራል። ዲኤምቪ በአማርኛ ፈርማችሁ ፖስታው ላይ በእንግሊዝኛ ብትፈርሙ አንድ ላይመስል ይችላል። ካልተመሳሰለ ካውንቲው ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቀን ውስጥ ሞልታችሁ ከመለሳችሁት ድምፃችሁ ይቆጠራል።