የላሚ ሳፋሪ ብዕር ጫፍ አቀያየር

ሳፋሪ፣ አል-ስታር፣ ቪስታና ስቱዲዮ የተባሉት የላሚ (የጀርመን ብዕር ሠሪ) የቀለም ብዕሮች የሚጽፈውን የብረት ጫፍ ይዋዋሳሉ፤ ላሚ 2000 ግን አሠራሩ ሌላ ስለሆነ አይሞከር።

ቀለሙን አውጡና ጫፉን በቀዝቃዛ ውሃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ እርጥብ ብረት ፕላስተር አይዝም። ስኮች ፕላስተር ከላይ ለጥፋችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ፊት ሳቡ። ብዙ ጫፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ወደ ላይ ካነሳችሁት ይጎብጣል።

አዲሱ ሲገባ የታጠፉት ሁለት ጠርዞቹ ከሥር ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ ግራና ቀኝ አቅፈው ይንሸራተቱ። የሚጽፈውን ነጥብ ሳይሆን ትከሻውን (ሰፋ ያለውን ጎኑን) ግፉ፣ እስኪቆም ድረስ። መሃል ላይ ከቀረ ቀለሙ ይቆራረጣል። ወረቀት ከቧጠጠ ሁለቱ ጥርሶች (ስንጥቁ ግራና ቀኝ የከፈላቸው የጫፉ ክፍሎች) እኩል መሆናቸውን በአጉሊ መነጽር ከፊት ለፊት እዩ።