ኤስኤንኤምፒዲ ሲፒዩውን ሲበላብኝ
ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ የተለያዩ ክፍሎች የሚያስኬድ መሣሪያ) ባለበት የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ኤስኤንኤምፒዲ (የሰርቨሩን ሁኔታ ለክትትል ሲስተም የሚያቀብለው ፕሮግራም) አንድ ሙሉ የሲፒዩ ኮር ይበላ ነበር፤ የክትትል ግራፎቹም በየመሀሉ ይቆራረጣሉ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ታይምአውቱን (ምላሽ የሚጠበቅበትን ጊዜ) ከፍ አደረግኩ፤ አልረዳም። መረጃ የሚሰበሰብበትን ልዩነት ከ1 ወደ 5 ደቂቃ አራዘምኩ፤ ጫናው እየቆየ መጣ እንጂ አልቀረም።

በመጨረሻ «አይፒ ሊንክ» የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥቼ ሳይ፣ ለካ ኮንቴይነሮቹ የፈጠሯቸው በመቶ የሚቆጠሩ «ቪኢቲኤች» ኢንተርፌሶች (ምናባዊ የኔትወርክ መገናኛዎች) ተደርድረዋል! ኤስኤንኤምፒዲ የኢንተርፌሶቹን ሰንጠረዥ ባደሰ ቁጥር ስለ እያንዳንዳቸው ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ይጠይቃል።

ኤስኤንኤምፒዲ.ኮንፍ (የማስተካከያ ፋይሉ) ውስጥ «ኢንክሉድ_አይኤፍሚብ_አይፌስ_ፕሪፊክስ ኢቲኤች ኢኤን ቦንድ» የሚል መስመር ጨምሬ፣ ስማቸው በእነዚህ ፊደላት የሚጀምር ኢንተርፌሶችን ብቻ እንዲያይ አድርጌ ሪስታርት አደረግኩት። ወዲያው ረጋ።

«አይኤፍሚብ_ማክስ_ነም_አይፌስስ 500» የሚባልም አለ። እሱ ግን የመጀመሪያዎቹን 500 ኢንተርፌሶች በኢንዴክስ (በመለያ ቁጥራቸው) ቅደም ተከተል ይዞ ሌላውን ስለሚተው፣ ዘግይቶ የተፈጠረ የቪላን (በሶፍትዌር የተከፈለ ንዑስ ኔትወርክ) ኢንተርፌስ ከክትትሉ ውጭ ሊሆንባችሁ ይችላል። እኔ በስም መምረጡን መርጫለሁ።