አልዛይመር በዘር የሚወርድ መሆኑን ለማጣራት የቤተሰብ ሐረግ አመዘጋገብ

በቤተሰባችሁ ውስጥ 60 ዓመት ሳይሞላቸው የማስታወስ ችሎታቸውን ያጡ ከአንድ በላይ ሰዎች ካሉ፣ ወደ ዘረመል ምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት ሰፊ ወረቀትና እርሳስ አዘጋጁ። ከወላጅ ወደ ልጅ በቀጥታ የሚወርደው አልዛይመር ከሕሙማኑ መካከል ከመቶ አንድ እንኳ ስለማይሞላ፣ በ80 ዓመታቸው መርሳት የጀመራቸው አያት ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም።

ሴቶችን በክብ፣ ወንዶችን በአራት ማዕዘን እየሣላችሁ ቢያንስ ሦስት ትውልድ መዝግቡ። እኛ ስም የምንጠራው በአባት በመሆኑ የእናት ወገን በቀላሉ ይዘለላል፤ በሽታው ግን በእናትም በአባትም በኩል እኩል ይወርዳል። ከሕመምተኛው ስም አጠገብ የሚጻፈው ያረፈበት ዓመት ሳይሆን ምልክቱ የጀመረበት ዕድሜ ነው። ሽማግሌዎችን «መቼ ታመመ?» ብትሏቸው አልጋ የያዘበትን ጊዜ ይነግሯችኋልና፣ «የለመደው መንገድ የጠፋበት የማን ሠርግ ሰሞን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዕድሜው ይህን ያህል የሚያስፈልገው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተቀራራቢ ስለሚሆን ነው። በኮሎምቢያ አንቲዮኪያ ግዛት የነርቭ ሐኪሙ ፍራንሲስኮ ሎፔራ ለአሥርት ዓመታት በተከታተሏቸው ቤተሰቦች ዘንድ፣ ፕሪሰኒሊን 1 በተባለው ጂን ላይ ያለው ለውጥ ከወረሱት መካከል ብዙዎቹን በ49 ዓመት አካባቢ ለከባድ የመርሳት በሽታ ይዳርጋል። ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን ሌላ ፕሮቲን ከሚቆርጥ ኢንዛይም አንዱ ክፍል ሲሆን፣ አቆራረጡ ሲዛባ አሚሎይድ የተባለው ተጣባቂ የፕሮቲን ቁራጭ እየበዛ ምልክት ከመታየቱ 15 ዓመት ገደማ አስቀድሞ በአንጎል ውስጥ መከማቸት ይጀምራል። አሚሎይድ ግን በዘር ባልመጣው አልዛይመርም ይከማቻልና፣ የአንጎል ምስል ብቻውን የውርስን ጥያቄ አይመልስም።

ሐረጉን ለነርቭ ሐኪም ወይም ለዘረመል አማካሪ አሳዩ። ቢቻል አስቀድሞ የሚመረመረው ጤነኛው ሳይሆን የታመመው ሰው ነው፤ የሚፈተሹትም ፕሪሰኒሊን 1፣ ፕሪሰኒሊን 2 እና ኤፒፒ የተባሉት ጂኖች ናቸው። ለውጡ በእርሱ ላይ ከተገኘ እያንዳንዱ ልጁ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ያልወረሰ ልጅ ደግሞ አያወርስም። ጤነኛ ሕፃናት አይመረመሩም፤ አዋቂም ቢሆን አለማወቅን የመምረጥ መብት አለው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ በእናቱ ወገን ያሉት አያቱ የታመሙበት ወጣት ተመርምሮ ለውጡ ከተገኘበት፣ ማወቅ ያልፈለገች እናቱም ተሸካሚ መሆኗ በዚያው ይገለጣል። ስለዚህ ደም ከመስጠቱ በፊት ከእርሷ ጋር ይነጋገር።