ኦቨርክሎክ የተደረገ አሮጌ ፕሮሰሰር ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ጎንደር ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ወይም ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት የተረፈ፣ ፔንቲየም ወይም ሴሌሮን ፕሮሰሰር ያለው ማሽን ፈላጊ አጥቶ አቧራ ለብሶ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ማሽን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት (ኦቨርክሎክ ማድረግ) ለሚወዱና ማሽኑ ማስቸገር ሲጀምር ፍለጋውን ከየት መጀመር እንዳለባቸው ለሚጠይቁ የተዘጋጀ ነው።

ማንኛውም ችግር ሲከሰት በመጀመሪያ ፍጥነቱን ወደ ፋብሪካው ልክ መልሰው ማሽኑን ያሠሩት። ችግሩ ያኔም ካልጠፋ መንስኤው ኦቨርክሎኩ ሳይሆን የማሽኑ እርጅና ወይም ሌላ ብልሽት ነው፤ ከጠፋ ግን ምርመራው ከዚህ በታች እንደተገለጸው ይቀጥላል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይለውጡ፤ ቮልቴጁን፣ ራሙንና ፍጥነቱን በአንድ ላይ የነካካ ሰው የትኛው እንደፈታለት አያውቅም። በእኔ ግምት ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው ያለ ጥፋቱ ነው፤ ጫናውን መሸከም የሚያቅታቸው በዙሪያው ያሉት ዕቃዎች ናቸው።

ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

የፕሮሰሰር ፍጥነት የሚገኘው የባሱን (ፕሮሰሰሩን ከራሙና ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን መስመር) ፍጥነት ማባዣ በሚባለው ቁጥር በማባዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሴሌሮን 300ኤ ማባዣው 4.5 ሲሆን አይለወጥም፤ በ66 ሜጋኸርዝ ባስ 300፣ በ100 ሜጋኸርዝ ባስ ደግሞ 450 ሜጋኸርዝ ይሰጣል። ባሱ ሲጨምር ግን ራሙም አብሮ ይፈጥናል። ስለዚህ ስክሪኑ ጨልሞ ሲቀር በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ለ66 ሜጋኸርዝ የተሠራ ራም ነው። ለ100 ሜጋኸርዝ በተሠራ ይተኩት፤ ካልተገኘም ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ የሚነሣው የቦርዱ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) ውስጥ የራሙን የካስ ቁጥር፣ ማለትም መረጃ ከማቅረቡ በፊት የሚጠብቀውን ጊዜ፣ ከ2 ወደ 3 ከፍ በማድረግ ይሞክሩ።

ባዮስ ውስጥ ለመግባት ስክሪኑ የግድ መሥራት ስላለበት፣ አዋርድ ባዮስ ያላቸው ብዙ ቦርዶች ሲበሩ የኢንሰርት ቁልፍ ተጭኖ ከተያዘ ወደ ነባሩ ፍጥነት ይመለሳሉ። ይህ ካልሠራ ገመዱን ከሶኬት ነቅለው የሲሞስ (የባዮሱ ቅንብር የሚቀመጥበት ቦታ) ማጥፊያውን ጃምፐር፣ ማለትም በቦርዱ ላይ ሁለት እግሮችን የምታገናኘውን ትንሽ ቆብ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ያዛውሩና ወደ ቦታው ይመልሱ። ባሱን በባዮስ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ የተገጠመበትንና ስሎት 1 በተባለው ቀዳዳ የሚሰካውን ካርድ ቢ21 የተባለ ጥርስ በቀጭን ቴፕ በመሸፈን ወደ 100 ያሳደጉ ከሆነ፣ ካርዱን አውጥተው ቴፑን ይመልከቱ። ካርዱ ሲገባ ቴፑ ይሸበሸብና ጎን ያለውን ጥርስ በከፊል ይሸፍናል፤ እንዲህ ከሆነ ማሽኑ ፈጽሞ አይነሣም። ቴፑን ልጠው ሙጫውን በአልኮል ይጥረጉና በጥርሱ ልክ አጥብበው እንደገና ይለጥፉ።

ባዮሱን ያልፋል፣ ዊንዶውስ ሲጀምር ግን ይቆማል

እዚህ ላይ ፕሮሰሰሩ ራሱ ሊጠረጠር ይችላል። የሴሌሮን 300ኤ መደበኛ ቮልቴጅ 2.0 ነው፤ ቦርዱ የሚፈቅድ ከሆነ ወደ 2.1፣ ካስፈለገም ወደ 2.2 ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያረጋጋዋል። ከዚያ በላይ መሄድን አልመክርም። የተቸገረው የውስጥ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ደጋግሞ የሚፈልገውን መረጃ የሚይዝበት ፈጣን ማስታወሻ) መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ባዮስ ውስጥ ሁለተኛውን ካሽ አጥፍተው ያስነሡት፤ ማሽኑ እጅግ ተጎትቶም ቢሆን ዊንዶውስን ከከፈተ፣ ገደቡ በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው 128 ኪሎባይት ካሽ ነውና ባሱን አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉ።

ኤኤምዲ ኬ6-2 የተባለው ፕሮሰሰር ላላቸው ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የ300 ሜጋኸርዙን ወደ 350 አሳድገው፣ ዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ሥርዓት) ያለ ችግር እየሠራ ዊንዶውስ 95 ብቻ በስሕተት መልእክት የሚቆም ከሆነ ፕሮሰሰሩን አይንኩት። በዊንዶውስ 95 ውስጥ ያለ ጊዜ መለኪያ ኮድ በዚህ ፕሮሰሰር ላይ 350 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ ስለሚሳሳት፣ ፋብሪካው ራሱ 350 ብሎ የሸጠውም ያው መልእክት ያጋጥመው ነበር። መፍትሔው ለዚሁ የወጣውን ማስተካከያ መጫን ወይም ወደ ዊንዶውስ 98 መሸጋገር ነው።

ማሽኑ ይሠራል፣ ፋይሎች ግን ይበላሻሉ

ከሁሉም ምልክቶች አደገኛው ይህ ነው፤ ባለቤቱ ሁሉ ነገር የተሳካ መስሎት ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። በፔንቲየም ዘመን በነበሩ ብዙ ቦርዶች ላይ ፒሲአይ የተባለው፣ ተጨማሪ ካርዶች የሚገናኙበት መስመር የሚሠራው በባሱ ግማሽ ፍጥነት ነው። ባሱ 66 ሲሆን ፒሲአዩ መደበኛ ፍጥነቱ በሆነው 33 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ ባሱ 75 ሲሆን 37.5፣ 83 ሲሆን ደግሞ ከ41 በላይ ይደርሳል። የሃርድ ዲስኩ መቆጣጠሪያ ያለው በዚሁ መስመር ላይ ስለሆነ ከልኩ በላይ ሲጣደፍ የተሳሳተ ነገር ይጽፋል። ስለዚህ 166 ሜጋኸርዝ ፔንቲየም ኤምኤምኤክስን በ83 ባስ ወደ 208 ከማሳደግ ይልቅ፣ ባሱን 66 ላይ ትቶ ማባዣውን ከ2.5 ወደ 3 በማድረግ 200 ላይ መርጋት ይሻላል፤ 8 ሜጋኸርዝ ለማትረፍ ዲስክ አይሠዋም። 440ቢኤክስ የተባለ ቺፕሴት (በቦርዱ ላይ ያሉትን መስመሮች የሚመራ ቺፕ) ያላቸው ቦርዶች ባሱ 100 ሲሆን ፒሲአዩን ለሦስት ስለሚከፍሉት 33 ላይ ይቆያል፤ የሴሌሮኑ ዝላይ ለፋይል አስተማማኝ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ፋይል መበላሸት ከጀመረ ፍጥነቱን ሳይመልሱ የዊንዶውስን ዲስክ መጠገኛ ፕሮግራም ስካንዲስክን አያሠሩ፤ ጥገናው ራሱ ተጨማሪ ጥፋት ይጽፋል።

ጠዋት ደኅና፣ ከሰዓት በኋላ ይደርቃል

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚወስደው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱና አቧራው ሲጨመሩበት፣ ክረምት ላይ ያልታየ ችግር ብቅ ይላል። ሂት ሲንኩን (በፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠውን ባለ ክንፍ ማቀዝቀዣ ብረት) ያውርዱት፤ በሁለቱ መካከል የተቀባው አሮጌ ፔስት እንደ ኖራ ደርቆ በጥፍር ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ፣ በአልኮል ጠርገው አዲሱን በስሱ ይቀቡ። በክንፎቹ መካከል የተጋገረውን አቧራ በብሩሽ ያራግፉ፤ ይህን ሲያደርጉ ማራገቢያውን በጣትዎ ይያዙት። ለውጥ ከሌለ የሣጥኑን ክዳን ከፍተው ያሠሩት፤ ያኔ ከተረጋጋ የጎደለው የአየር መተላለፊያ ነው።

ምሽት ላይ ብቻ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል

ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድና አምፖሉ ሲደበዝዝ ማሽኑም አብሮ የሚወድቅ ከሆነ ምክንያቱ የመብራቱ ቮልቴጅ መውረድ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ቦርዶች የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ የሚያወጡት ከፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት መስመር ስለሆነ፣ ኦቨርክሎክ የተደረገ ፕሮሰሰር ትንሽ መውረድንም አይታገሥም። ማሽኑ እየሠራ በቀዩና በጥቁሩ ሽቦ መካከል በመልቲሜትር ይለኩ፤ ከ4.75 በታች ከወረደ በስታቢላይዘር ያሠሩት፣ ጠዋትም የሚወርድ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን ይቀይሩ። ፓወር ሰፕላዩን ግን አይክፈቱት፤ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

መስመሩ ደኅና ሆኖ ውድቀቱ ከቀጠለ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የቆሙትን ካፓሲተሮች ይመርምሩ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ያበጠ ወይም በአናቱ ላይ ቡናማ ቅርፊት የጋገረ ካለ አልቆለታል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ባለሙያ ሊቀይረው ይችላል፤ መጠኑ እኩል፣ ቮልቴጁ እኩል ወይም የሚበልጥ መሆኑንና የመቀነስ ምልክት (−) ያለበት ጫፍ እንዳይገለበጥ ብቻ ያስረዱት።

ፍጥነቱ በየጊዜው ወደ ድሮው ይመለሳል

ሰዓቱና ቀኑም አብረው የሚጠፉ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። አብዛኛውን ጊዜ 3 ቮልት ሲአር2032 ነው፤ ቀይረው ቅንብሩን እንደገና ያስገቡ።