ጥልቀት በሌለው ውሃ ሪብሪዘር ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሪብሪዘር ጠላቂው ያስወጣውን ትንፋሽ ወደ ውሃው ከመልቀቅ ይልቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን «ሶዳ ላይም» (soda lime) በተባለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥ ጥራጥሬ መሰል ኬሚካል አጣርቶ፣ የጎደለውን ኦክስጅን ተክቶ መልሶ የሚያስተነፍስ መሣሪያ ነው። አደጋው በጥልቅ ውሃ ብቻ እንደሚመጣ ማሰብ የስህተቶቹ ሁሉ መነሻ ይመስለኛል። ከ30 ሜትር ወደ 20 ሜትር ሲወጡ ግፊቱ በሩብ ብቻ ይቀንሳል፤ ከ10 ሜትር ወደ ውሃው ገጽ ሲወጡ ግን በግማሽ ይወርዳል። ሰውነት የሚጠቀመው በኦክስጅን ከፊል ግፊት (ከጠቅላላው ግፊት የኦክስጅኑ ድርሻ፣ በባር የሚለካ፤ ገጹ ላይ ጠቅላላው ግፊት 1 ባር ያህል ነው) እንጂ በመቶኛው ስላልሆነ፣ 15 በመቶ ኦክስጅን ያለው ትንፋሽ በ10 ሜትር 0.30 ባር ስለሚሰጥ ጠላቂው ምንም ሳይሰማው ይቆያል፤ ያው ትንፋሽ ገጹ ላይ ሲደርስ ግን ወደ 0.15 ባር ይወርዳል፤ ይህም ራስን ሊያስት ይችላል።

የሚያስጨንቀው ደግሞ ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ ነው። አየር እንዳጠረን የሚነግረን በዋናነት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነውና፣ መሣሪያው እሱን እያጣራ ሳለ ኦክስጅን ሲያልቅ የመታፈን ስሜት አይመጣም። ስለዚህ ከውሃው ገጽ ሳይርቁ እየዋኙ የኦክስጅን ሲሊንደሩን ሳይከፍቱ መቆየት፣ ወይም ከመውጣት በፊት የኦክስጅን መለኪያውን አለማየት፣ እንደ ቀላል ቸልተኝነት የሚታለፍ አይደለም።

በንጹሕ ኦክስጅን ብቻ በሚሠሩ ዓይነቶች ላይ ሌላ ስህተት አለ፤ ይኸውም ከመጥለቅ በፊት ሳንባንና የመተንፈሻ ከረጢቱን በኦክስጅን በደንብ አለማጠብ ነው። በውስጡ የቀረውን ናይትሮጅን ሰውነት አይጠቀምበትም፤ ኦክስጅኑ እያለቀ ከረጢቱ ግን በናይትሮጅን ተነፍቶ ይቆያል፣ ጠላቂውም ሙሉ ከረጢት ሲያይ የሚተነፍሰው ያለው ይመስለዋል። በእነዚህ መሣሪያዎች 6 ሜትርን ማለፍም የተከለከለ ነው፤ በዚያ ጥልቀት ከፊል ግፊቱ 1.6 ባር ይደርሳልና ከዚያ በታች ድንገተኛ መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል። ወድቆ የሰመጠ ዕቃ ለማንሣት «ትንሽ ብቻ» መውረድ የተለመደው ፈተና ነው።

በኤሌክትሮኒክ ሪብሪዘር የኦክስጅን ዒላማውን (መሣሪያው ራሱ ሊጠብቀው የሚሞክረውን ከፊል ግፊት) በ1.3 ባር ትቶ ከ3 ሜትር ባነሰ ጥልቀት መዋኘትም ያስቸግራል። በዚያ ጥልቀት ንጹሕ ኦክስጅን እንኳ 1.3 ባር ስለማይሞላ፣ መሣሪያው የማይደረስበትን ቁጥር ለማግኘት ቫልቩን ደጋግሞ ይከፍታል፤ ከረጢቱ ይነፋል፣ ጠላቂውም ሳይፈልግ ወደ ላይ ይገፋል። ዒላማውን ወደ 0.7 ዝቅ ማድረግ የተለመደው መፍትሔ ነው። እንዲህ ሲገፉ ትንፋሽን መያዝ አይገባም፤ ከ1.5 ሜትር ያህል መውጣት ብቻ ሳንባን ሊጎዳ ይችላል።

ማጣሪያውን በተመለከተ፣ «ትናንት ለአጭር ጊዜ ነው የተጠቀምኩበት» ብሎ ያደረ ሶዳ ላይምን መመለስ፣ ወይም እህሉን ሳያስተካክሉና ሳያጠባብቁ መሙላት፣ ትንፋሹ ሳይጣራ በክፍተቱ እንዲያልፍ ያደርጋል።

በመጨረሻም፣ ገጹ ላይ ሆነው ለማውራት የአፍ ቫልቩን ሳይዘጉ ቱቦውን ከአፍ ማውጣት ውሃ ያስገባል፤ ውሃው ከሶዳ ላይም ጋር ሲቀላቀል አፍና ጉሮሮ የሚያቃጥል ፈሳሽ ይሆናል፣ ከረጢቱም ሲሞላ ጠላቂውን ያሰምጣል። ተጠባባቂ አየር ሳይዙ መግባት ደግሞ በ4 ሜትርም ቢሆን አይፈቀድም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ሰው ወደ ገጹ መውጣት ቀርቶ ትንፋሹን ለጥቂት ሰከንድ ይዞ ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው መቀየር እንኳ ሊያቅተው ይችላል።